ጋሽ ሳህሉ ለሽያጭ የቀረቡ ዕለት

ባስልኤል ከፊንላንድ የመጣ ሰሞን ሚዛን ከተማ ውስጥ ያገኘው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «መቼ ትመለሳለህ?»

ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ሰውየው ቁጭ ማለት አይችልም። ሻይ ቤት ቆሞ ይጠጣል። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ያዝናል። እናቱ ቤት እንኳ ሳህኑን በእጁ ይዞ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተመላለሰ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለው መንገደኛ እንጂ ነዋሪ አይደለም ብሎ ከተማው ፈርዷል፤ ፍርዱን ባስልኤል ራሱም ግማሽ ግማሹን ያምንበታል። በሻንጣው የውስጥ ኪስ የመልስ ቲኬት አለ። ቀኑ መስከረም ማብቂያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሊሞክር ለራሱ ቃል ገብቷል። ሄልሲንኪ ሄዶ የተማረው በኢንተርኔት መሸጥን ስለሆነ፣ የኢንተርኔት ሱቅ ከፍቶ የጎረቤቷን የአማን ከተማ እንጨት ጠራቢ የጋሽ ሳህሉን በርጩማዎች ለውጭ ሰው ሊያቀርብ አሰበ። ቲኬቱ ሳያልፍ አንድ በርጩማ፣ አንድ ብቻ፣ ከተሸጠ ይቀራል። ካልተሸጠ ተመልሶ፣ በዲግሪው አናት ላይ ሲሠራው የኖረውን የሆቴል ሳህን ማጠብ ይቀጥላል።

ይህን ሲነግራቸው እናቱ ወይዘሮ ሰርካዲስ በአንድ በኩል እንዲቀርላቸው ለሚካኤል ጃንጥላ ተሳሉ፤ በሌላ በኩል ለመንገዱ የሚሆን ዳቦ ቆሎ መጋገር ጀመሩ።

«እማዬ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አላቸው።

«ዛፍ የምትወጣው አንተ ነህ፤ እኔ ሥር ሆኜ ነው የምጠብቅህ» አሉት።

ሱቁን የሠራው በሐያት ኢንተርኔት ቤት ቆሞ ነው። የሐያት አባት በዚያው ክፍል ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ እሷ ጨርቁን በኮምፒውተር ብትለውጠውም መደርደሪያውንና የአባቷን ምላስ እንዳለ አስቀርታለች።

«ሰው ሁሉ ቡና በሚሸጥበት አገር በርጩማ» አለችው። «ዓሣ የሞላበት ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ጠጠር የሚለቅም ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።»

«ቡና ለመላክ ስንት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይጠይቃል። ለዚህ ነው አንተ ያልቻልከው።»

ሱቁ ተከፈተ። ገጹ ያምራል፤ ክፍያውን ሄልሲንኪ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛው ይቀበላል፤ ዕቃው በፖስታ ይሄዳል። የጎደለው ገዢ ብቻ ነበር። በጠቅላላ ገጹን የከፈቱት ባስልኤል፣ ሐያትና መብራት ሲመጣ ራሱን የሚያድሰው የሐያት ኮምፒውተር ናቸው። ያኔ ባስልኤል የተማረውን አስታወሰ፤ በጫካ መሀል ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ መጠበቅ ሞኝነት ነው። በርጩማዎቹ ዕቃ የሚፈለግባቸው ድረ ገጾች ላይ መመዝገብ አለባቸው።

ይህን ለጋሽ ሳህሉ ለማስረዳት ወደ አማን ወረደ። የጋሽ ሳህሉ ሥራ ቤት ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የተከደነች ናት፤ ዝናብ ሲጥል ውስጧ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ዝናብ ደግሞ መጣሉን አይተውም። ጋሽ ሳህሉ አንድ የዋንዛ ግንድ ይወስዱና ምንም ሳይቀጥሉ፣ ምስማር ሳይመቱ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍለው ያወጣሉ። ሲሠሩ ጥሩ ሰው ናቸው። ሲያወሩ ግን በደቡብ ምዕራብ እንደሳቸው ያለ ሰው እንዳልተፈጠረ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይወስዳሉ።

«ተቀመጥ» አሉት እንደ ልማዳቸው።

«ቆሜ ይሻለኛል ጋሼ። አሁን ይኸውልዎ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው በርጩማ አማረው እንበል። ኮምፒውተሩ ላይ በርጩማ ብሎ ይጽፋል። ያኔ ማሽኑ የየሱቁን በርጩማ ከነፎቶው ከነዋጋው ደርድሮ ያሳየዋል። ማሽኑ ራሱ አይሸጥም። ማን ጋ ምን እንዳለ ይጠቁማል እንጂ።»

«ደላላ ነዋ።»

«እንደ ደላላ፣ አዎ።»

«ምን ይጠጣል?»

«ማሽን ነው ጋሼ።»

«ማሽንም ቢሆን ከኋላው ሰው አለ። ከኋላው ያለው ምን ይጠጣል?»

ከኋላው ያለው ምንም እንደማይጠጣ፣ የሚፈልገው የበርጩማውን ፎቶ ብቻ እንደሆነ ለማሳመን ጊዜ ፈጀ። ፎቶ ሲባል ጋሽ ሳህሉ ተነሱ። ቤት ገቡ። ሲመለሱ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነበር። በርጩማዋን ደጅ አወጡና እግር አነባብረው ተቀመጡባት።

«ጋሼ፣ በርጩማዋን ብቻ ነበር።»

«ባዶዋን?» አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ ባዶ በርጩማ ደጅ የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው። አባቴ ሲያርፍ የሱን በርጩማ ባዶዋን አውጥተን ነው ያለቀስነው። በቁሜ ልታስለቅስብኝ ነው? ይህ ከማጂ ከአያቴ የመጣ ደንብ ነው።»

ሚስታቸው እትዬ ንጋቷ ከውስጥ ሆነው «እኔም የማጂ ልጅ ነኝ፤ ሰምቼው አላውቅም» አሉ።

«አንቺ ከገበያው በኩል ነሽ። እኛ ከላይ ነን» አሉ ጋሽ ሳህሉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ካሜራውን እያዩ።

ባስልኤል ፎቶውን አንስቶ ከድረ ገጾቹ ለአንዱ ላከው። ምን ያድርግ? ሱፍ የለበሰ ሰው ተነስ አይባልም።

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ፎቶው ላይ ከዕቃው ሌላ ብዙ ነገር ይታያል፤ ዕቃው ከነጭ መደብ ፊት ለብቻው ይነሳ የሚል። ብዙ ነገር ያለው እውነት ነበር። ከጋሽ ሳህሉ ኋላ የቆመ ባጃጅ፣ የሙዝ ዘለላ የተሸከመች አህያና የጎረቤት የውስጥ ሱሪ የተሰጣበት ገመድ ይታይ ነበር። ባስልኤል ይህን ሲተረጉምላቸው ጋሽ ሳህሉ የሰሙት የሚመቻቸውን ነው። «ነጭ ብሏል» አሉና የእትዬ ንጋቷን አንሶላ ከአልጋው ገፈው ግድግዳው ላይ ወጠሩት። ከዚያም ሱፋቸውን አራግፈው ቁጭ አሉ።

«ለብቻው ነው የሚለው ጋሼ።»

«ይኸው ብቻዬን አይደለሁ? አህያዋ ሄዳለች።»

ባስልኤል ለመከራከር ጉልበት አልነበረውም። ምናልባት ማሽኑ ያልፈው ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ የተማረው ትምህርት ተስፋ ማድረግን እንደ ዘዴ አይቆጥረውም ነበር፤ ግን ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ መብራቱ ሊሄድ ነው፣ መስከረምም እየገባ ነው። ከፎቶው ሥር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መግለጫ ለጠፈ፤ «በሚዛን ደጋማ አካባቢ የተገኘ። ጠንካራ፣ ዕድሜ የማይበግረው። አቧራ ሲነካው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ለማንኛውም ሳሎን ግርማ ይሰጣል። ደንበኛው ካልወደደው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይችላል።» ዋጋ ጻፈና ላከው።

በሚቀጥለው ቀን ሐያት ደወለችለት። የምትናገረው አይሰማም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሮጦ ሲደርስ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በእጇ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተችው።

ሱቁ ታግዷል። ምክንያቱ በአጭሩ ተጽፏል፤ ሰውን ለሽያጭ ማቅረብ በማናቸውም አገር ሕግና በድረ ገጹ ደንብ የተከለከለ ነው።

«በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል» አለች ሐያት፤ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ጋሽ ሳህሉ። ባስልኤል፣ ለእትዬ ንጋቷ፣ ባልዎን በሁለት ሳምንት መመለስ ይቻላል በላቸው፤ እስከ ዛሬ አላወቁም ነበር።»

ባስልኤልን ግን አላሳቀውም። ፊቱ ላይ የሄልሲንኪው ሳህን ክምር፣ የሚንፈቀፈቀው ሙቅ ውኃና ከሰዓት በኋላ የሚጨልመው ክረምት ድቅን አለ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰቡት ግን ጋሽ ሳህሉ ናቸው። አንድን ሽማግሌ ለገበያ አቅርቦ ነበር። እሳቸው ከሰው ሳይሰሙ ራሱ ሊነግራቸው፣ ቢመቱትም ሊቀበል፣ ወደ አማን ወረደ።

ጋሽ ሳህሉ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«በስንት ነበር ያወጣኸኝ?» አሉ።

ባስልኤል ነገራቸው።

«ከነሱፉ?»

«ጋሼ፣ ዋጋው የበርጩማዋ ነው።»

«አይደለም፤ አየህ፣ ያዋረድከኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ በግ በዚህ ዋጋ አይገኝም።» ወደ ውስጥ ዞረው፤ «ንጋቷ፣ ሰማሽ? ከበግ ባነሰ ዋጋ አወጣኝ።»

«የበግ ሥጋ ይበላል» አሉ እትዬ ንጋቷ።

ሐያት፣ ሳቋ ሲያልቅ፣ ለድረ ገጹ የይቅርታ ደብዳቤ አብራው ጻፈች። ሽማግሌው የዕቃው ሠሪ እንጂ ዕቃው እንዳልሆኑ፣ ለማንም እንዳልተላለፉ፣ አሁንም ከባለቤታቸው ጋር እንደሚኖሩ ገለጹ። እገዳው ተነሳ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እንደገና ብትሳሳቱ ሱቃችሁ ለዘለቄታው ይዘጋል የሚል ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። ከዚህ በኋላ አንድ ፎቶ ነው ያላቸው።

ጋሽ ሳህሉ ግን ከደንባቸው ንቅንቅ አላሉም። ጥቂት ለስለስ ያሉት፣ የሚቀመጥበት የግድ እሳቸው መሆን የለባቸውም በሚለው ላይ ነው፤ ነፍስ ያለው ነገር ከሆነ ይበቃል። ዶሮ አሉ። ባስልኤል ደንቡን ከፍቶ አነበበ፤ በሕይወት ያሉ እንስሳትን መሸጥም ክልክል ነው። የሙዝ ዘለላ ይቀመጥበት አለ፤ እሳቸው ደግሞ «አባቴን በሙዝ ልተካ?» ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉት። አሻንጉሊት ሲላቸው መጥረቢያቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ ሲባል መስከረም ተጋመሰ። የወይዘሮ ሰርካዲስ ዳቦ ቆሎ አንድ ማዳበሪያ ሞላ። ባስልኤል ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ እንኳ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ ሻንጣውን እያየ ያስባል። ለመሆኑ የምር መቅረት ይፈልጋል? ወይስ የማይሆን ነገር የመረጠው፣ ሞከርኩ አልሆነም ብሎ በንጹሕ ሕሊና ለመሄድ ነው? ይህን ጥያቄ ሄልሲንኪም ሳለ ስለ ሄልሲንኪ ይጠይቀው ነበር። መልሱን እዚያ ረስቶት ከመጣ ደግሞ ለመፈለግ መመለሱ ነው።

አንድ ቀን ቁርጡን ሊናገር ወደ አማን ሄደ። ምሳ ሰዓት ነበርና እትዬ ንጋቷ ሥራ ቤቷን እየጠረጉ ነው። የተፋቀ እንጨት ከሥር እንዳይቀር በርጩማዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጠው ግድግዳ ለግድግዳ ደርድረዋቸዋል፤ ሦስት ሦስት እግራቸው ወደ ላይ ተቀስሮ። ማንም አልተቀመጠባቸውም።

ባስልኤል የመጣበትን ረሳ።

«ጋሼ፣ እነዚህስ? ባዶ አይደሉም?»

ጋሽ ሳህሉ እጃቸውን እየታጠቡ ቀና አሉ። «የተገለበጠ በርጩማማ ምን ደንብ አለው። የተገለበጠ ማንንም አይጠብቅም። ጠላ ቤት ሲዘጋ አይተህ አታውቅም?»

«ታዲያ ተገልብጣ ብትነሳ አይከፋዎትም?»

«ለምን ይከፋኛል? ተዘግቷል ማለት ነው። የሞተ የለም።» ትንሽ አሰቡና፤ «እኔ ግን ከጎኗ ልቁም?» አሉ።

«አይቁሙ» አሉ እትዬ ንጋቷና ባስልኤል እኩል።

አንሶላው እንደገና ከአልጋው ወረደ። በርጩማዋ በነጩ መሀል ሦስት እግሯን ለሰማይ ዘርግታ ተነሳች። ሐያት ቤት ተሯሩጦ ፎቶውን ጫነ፤ መግለጫው ውስጥ «መቀመጫ» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ጻፈ፤ ስለ እርጥብ ጨርቅ የሚለውን አወጣ። ሊልከው ሲል መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ሄደ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሐያት ሰግዳ እስክትመለስ ብቻውን መላክ ፈርቶ ጠበቃት። የተላከው የሷ ጣት ነክቶት ነው።

ተቀበሉት።

ባስልኤል ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበ። በርጩማዋ ጸድቃለች፤ ተመዝግባለች፤ በዓለም ላይ ማንም ሰው ሊያገኛት ይችላል። ሐያት ፈልጋ አወጣቻት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችው። ማሽኑ ፎቶውን ብቻ ዓይቶ መድቧታል። በርጩማዋ ከየአገሩ ከመጡ የመስታወት፣ የሽቦና የሸክላ ዕቃዎች ጋር ተሰልፋለች። ከላያቸው የተጻፈው «የፍራፍሬ ማስቀመጫዎች» ይላል።

«አስተካክዪው» አለ ባስልኤል።

«እንዴት አድርጌ? ፎቶውን ለውጬ? የቀረችን አንድ ፎቶ ይህቺ ናት።»

«ውሸት ነው እኮ ሐያት። በርጩማ ናት።»

«መግለጫው መቀመጫ ነው ይላል። የምታነብ ታንብብ። አባቴ ለመጋረጃ ያመጣውን ጨርቅ ስንቷ ቀሚስ አድርጋ አገባችበት። ሂድና ለየሙሽራዋ ይቅርታ ጠይቅ።»

ባስልኤል ክፍሏ ውስጥ እየተመላለሰ አመሸና ሄደ።

ቲኬቱ ሊያልፍ በተቃረበበት ሳምንት አንዲት ቤልጅየማዊት በርጩማዋን ገዛች።

ወሬው ከሐያት ቤት ተነስቶ ባጃጅ ቀድሞ አማን ደረሰ። ጋሽ ሳህሉ ሱፋቸውን ለብሰው በአስፋልቱ ላይ ወጡና ወረዱ። ወይዘሮ ሰርካዲስ ለሚካኤል ጃንጥላውን ገዙ፤ የተሸጠው በርግጥ እስኪደርስ ግን ቤት አስቀመጡት። ዳቦ ቆሎውም ማዳበሪያው አፍ ታስሮ ቆየ። ባስልኤል አውሮፕላኑን ሲያሳልፈው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን በስህተት የተሸጠ ነገር ተሸጠ ይባላል ወይ እያለ ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር።

በርጩማዋ ደረሰች። ገዢዋም ምስጋናዋን ከፎቶ ጋር ላከች። ሐያት ፎቶውን አይታ ዘግታው ነበር፤ ጋሽ ሳህሉ ግን መሬት ቢሰነጠቅ ሳላይ አልሄድም ብለው ኢንተርኔት ቤቱ ወንበር ላይ ተተከሉ። «ማን ተቀምጦባታል? ሰውየው ወይስ ሴትዮዋ?» ይላሉ። በመጨረሻ ሐያት በረጅሙ ተነፈሰችና ከፈተችው።

የሚያብረቀርቅ ሳሎን ነው። በጠረጴዛው መሀል በርጩማዋ ተገልብጣ ቆማለች። በሦስቱ እግሮቿ መሀል ብርቱካን ተከምሯል። በአንደኛው እግር ላይ የሙዝ ዘለላ ተንጠልጥሏል።

ባስልኤል ዓይኑን ጨፈነ። አባቴን በሙዝ ልተካ ያሉት ሰው ከጎኑ ናቸው።

ጋሽ ሳህሉ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግተው ብዙ አዩ። ሳሎኑን አዩ። ምንጣፉን አዩ። ጥጋጥጉን አዩ።

«ቤቱ ሰው አለበት?» አሉ።

«አለበት ጋሼ፤ ከነባሏ ነች።»

«ታዲያ የት ነው የሚቀመጡት?»

ሐያትና ባስልኤል ተያዩ። በፎቶው ላይ፣ እውነትም፣ ሌላ መቀመጫ አይታይም፤ ከፎቶው ውጭ ቀርቶ ይሆናል።

«አየህ» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «አንዲት በርጩማ ገዙ። ፍሬውን አስቀድመው እነሱ ቆሙ። ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው።» ከረባታቸውን አላሉ። «እንደ አንተ ቆመው ይበላሉ ማለት ነው። ነውር ነው። አንድ የራሳቸውን ልልክላቸው ነው፤ በነጻ። ከላዩ ደግሞ እንዴት እንደሚቀመጡበት ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩበት።»

«እርስዎ ይነሱበታ» አለ ባስልኤል፤ ነፍሱ እየተመለሰች።

«እኔ አንዴ ተሸጫለሁ፤ ይበቃኛል። ያገራቸውን ጠባይ የምታውቅ አንተ ነህ። አንተ ተቀመጥ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አማን ተሰበሰቡ። እትዬ ንጋቷ አንሶላቸውን ራሳቸው ገፈው አመጡ፤ ለምዶባቸዋል። ወይዘሮ ሰርካዲስ በአንድ እጃቸው የሚካኤልን ጃንጥላ ለማስረከብ እንደያዙ፣ በሌላው የዳቦ ቆሎውን ማዳበሪያ እየጎተቱ ደረሱ። የማዳበሪያውን አፍ ፈቱና መሀል አስቀመጡት።

«የመንገድ አልነበር?» አለች ሐያት።

«ሊነቅዝብኝ ነው። ብሉ።»

ባስልኤል በነጩ ፊት በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ሊነሳ ቃጣው።

«አትነቃነቅ» አሉ ጋሽ ሳህሉ፤ አፋቸው በዳቦ ቆሎ ተሞልቶ። «ጀርባህን ቀና። እጅህን ጉልበትህ ላይ። የጠፋብህ ነገር ያለ ይመስል መሬት መሬቱን አትይ።»

ሐያት ሞባይሏን ደቀነች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ፤ መብራቱ ሲጠፋ ጠበቀችው፤ ሲመጣም ጥላው ወደቀብን ብላ እንደገና አስጠበቀችው። ባስልኤል ሁለት ጊዜ አለቀ ወይ ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው መጠየቁን ተወና እጁን ወደ ማዳበሪያው ሰደደ።

ጋሽ ሳህሉ ራቅ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንድ እንደሚገምቱ አድርገው አዩት።

«ሐያት፣ ይህ በስንት የሚወጣ ይመስልሻል?»

ሐያት መልስ ሳትሰጥ ወይዘሮ ሰርካዲስ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እሱ አይሸጥም» አሉ። «በርጩማዋ ላይ ተነጋገሩ።»